በግራ በኩል

ቧንቧ ውኃ ሠፈር፣ ሱቄን ስከፋፍት፣
ጦሳ ጉሙን ሳይገፍ፣ ሳይበረታ ንጋት፣
ሰአዳ ዘለቀች፣ ቀሚሷን ጠቅልላ፣
"ለሰርግ ነው፤ አጥብበው፣ በግራ በኩል" ብላ።

"በግራ ብቻ?" አልኩ።
ዝም ብላ አየችኝ።
ሜትሩ እጄ ላይ ቁጥሩ ጠፋበት።
"ያ... ክፉ በሽታ?"
ሣቀች፦

"ስሙን ጥራው እንጂ፣ ስሙ አይጋባብህም፤
ካንሰር ነው። ይኸውልህ፣ ቆሜያለሁ፤ አልሞትሁም።
ጡቴ ላይ፣ ሽንብራ አክላ ሳለች ዳስሻት፣
'አታመኝም' ብዬ ዓመት ደበቅኋት፤
እንቁላል ስታክል ነው ሐኪም ያገኛት።
ጠጉሬ ትራሴ ላይ እንደ ጭድ ሲበተን፣
ጎረቤቴ አስካለ፣ ያውም በሁዳዴ፣
እሷ የማትቀምሰውን ወተት አፍልታ
በፔርሙዝ ይዛልኝ፣
ወረፋው እስኪደርሰኝ አብራኝ ትውል ነበር።"

ቀሚሱን ሰፋሁት። ብሯን መለስኩላት።
"ሂሳቤን ከፈለግህ፣
ማታ ቤት ስትገባ ሚስትህን ጠይቅልኝ"
አለችና ወጣች።

ጠየቅኋት።
ስሙን ጠርቼ፣ ምላሴ እየከበደኝ።
ዘመናይ ወጡን ማማሰል ተወች፤
እጇ ቀስ ብሎ ወደ ብብቷ ሄደ።

ዛሬ ሱቄ አልተከፈተም።
ሆስፒታሉ በር ላይ ወረፋ ይዘናል፤
ሜትሬን እንኳ ካንገቴ አላወረድሁም።
ሰአዳ ቀድማን ደርሳለች፣
ፔርሙዝ ታቅፋ።