ሳይነግሩ መንቀል

«ድራይቨር ነው የምጽፈው» ብላት፣ ሙሉጎጃም ሳቀችብኝ፤
«የባጃጅ ነው የሚኒባስ? መንጃ ፈቃድህን አሳየኝ።»
ምን ብዬ ላስረዳት? መሪ የለው፣ ፍሬን የለው፣
ብረት ያንሾካሾከውን ለቃል የሚያስተረጉም ነው።

ከወደቡ አለፍ ብሎ፣ ደንገል በሚበዛበት፣
ውሃው ትንፋሹን ስቦ ትንፋሹን በሚለቅበት፣
አንድ ሳጥን ቆሟል፣ በብረት ምሰሶ ላይ፣
የጣናን ከፍታ ቀን ከሌት የሚያይ።
በየሩብ ሰዓቱ አንድ ቁጥር ይጽፋል፤
ጥፍር በምታህል ካርድ ሐይቅ ያጠራቅማል።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት፣ አብዬ እንዳላማው፣
ባዶውን ካርድ ከኮፍያቸው እጥፋት ሸጉጠው፣
እየቀዘፉ ይመጣሉ። ሳጥኑን ከፍተው መዘዝ፤
አለቀ። አዝራር መጫን የለ፣ መብራቱ እስኪጠፋ መታገሥ።
ሳጥኑም በቆመበት፣ ግማሽ ቁጥር አንቆት፣
«ተቀበለኝ፣ ተቀበለኝ» ይላል ለሌለው፣ እስኪነጋለት።

ሄድኩና ተቆጣሁ፤ ላፕቶፔን በፌስታል ጠቅልዬ፣
«አባቴ፣ መጀመሪያ ይንገሩት፣ ይፍቀድልዎ» ብዬ።
መቅዘፊያቸውን ከምሰሶው አስደግፈው ቀና አሉና፣
«ጉማሬ አይተሃል ልጄ፣ ብቅ ለማለት ደጅ ሲጠና?
ማዕበሉስ ለማን ያመለክታል? በስንት ብር ቴምብር?
እኔ ደመና አይቼ ነቀልኩ። አንተ ሳጥንህን ምከር።»

ሳጥኔን ልመክር ተመለስኩ።

መጀመሪያ ደወሉን፤ ካርድ ሲነካ የሚጮኸውን፣
ከተያዘ ሥራ ላይ ጎትቶ የሚያስቆመውን።
ደዋይ ብዙ አያወራም። «መጣ» ወይም «ሄደ» ብሎ፣
ዞር ነው፣ የቀረውን ለባለ ተራው ጥሎ፤
ደጃፍ ላይ ወሬ የሚያራዝም መልእክተኛ፣
ወጥ ያስራል፣ እንግዳ ያስቀራል፣ አይቀሰቅስም የተኛ።

ብረት አይዋሽም ይላሉ። ይንቀጠቀጣል ግን።
አንዴ ለገባ ካርድ ዘጠኝ ጊዜ ይጮኻል፤
ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ፣
ታንኳ ከድንጋይ ጋር ሲላተም እንደሚያንኳኳ።
ስለዚህ የፊተኛውን ጩኸት አትመን፤
የጥቅሻ ሩብ ታህል ቆይ፣ ይርጋ፣
ከዚያ ጠይቅ፦ አለህ?

የሌለ ካርድ ግን ዝም አይልም። ይኼን በሦስተኛው ሌሊት አወቅኩ፤
«አዎ» ነው መልሱ፣ «አዎ»፣ «አዎ»፣ ምንም ነገር ብጠይቅ፤
ሁሉም ቢት አንድ፣ ሁሉም ሣጥን ሙሉ፤
እንዲህ ያለ ባዶ ቤት ብቻ ነው እሺ የሚል ለሁሉ።
ያን ጊዜ የተሰለፉትን ትእዛዞች በክብር ማሰናበት፣
«ሄዷል፣ አትጠብቁ» ብሎ፣ የተቆለፈውንም መፍታት፤
ቁልፍ ታቅፎ የሚተኛ ሌላውን ደጅ ያሳድራልና።

ዓርብ ደረሰ። አብዬ መጡ፣ ነቀሉ፣ እንደ ልማዳቸው።
ሳጥኔ አልደነገጠም። ቁጥሮቹን በጉንጩ ይዞ ጠበቃቸው፤
የገባለትን ካርድ አየ፣ አረጋገጠ መኖሩን፣
ካቆመበት ገጽ ቀጠለ፣ ምንም እንዳልሆነ ጽሕፈቱን።
እኔም በዚያች ሌሊት በደንብ ተኛሁ።

በሳምንቱ ከፖሊ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ካርዱን ብከፍተው፣
ከጣና ቁጥሮች ሥር ሙሽራ ቆማለች።
የመጨረሻ ልጃቸው ሠርግ። ኮፍያው ውስጥ ሁለት ካርድ ነበር፤
ሚዜዎቹን ቁጥር በልቷቸዋል፣ የኬኩ ግማሽ የለም።
የወጣው ሲመለስ ያው ነው ብዬ ነበር፤
«አለህ?» አልኩት እንጂ፣ «ማነህ?» አላልኩትም።

ይዤላቸው ሄድኩ፣ የተረፈውን። ምላሴ ተሳስሮ።
ስልኬን ከፀሐይ በመዳፋቸው ከልለው፣
ከወገቧ በታች ግራጫ መስመር የሆነችውን ልጅ
አዩ፣ አዩ፣ ደግመው አዩና፣
«እስከ ወገቧ ገብታለች» አሉ። ከዚያም ወደ ምሰሶው ዞረው፣
«ስንት ደርሷል ለመሆኑ?»
«ካለፈው ዓርብ ሁለት ጣት ጨምሯል» አልኳቸው።