ፍራሹ

ግሪምዝቢ ላይ፣ ከወደቡ ዳር፣ በድሮው የዓሣ መጋዘን፣
ሃያ ዓመት ጣት አስተማርኩ፤ መያዝ፣ መልቀቅ፣ መመዘን።
«አምስት ሰከንድ» እላቸዋለሁ፣ «አንዴ ጫን፣ ከዚያ ልቀቅ፤
ሰውየውን እየው፣ ትንፋሹን ስማ፤ ለሁለተኛው ጠብቅ።
ደረት ላይ አታነጣጥር፤ ጀርባ ይሻላል፣ ወይም ጭን።
ቤንዚን ከሸተተህ ተወው። ከፍታ ላይ ከቆመ ግን—»
እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር፤
ብዕር ሲንቀሳቀስ ግን አላየሁም ነበር።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ሳይቀምስ የሚያቀምስ አስተማሪ የለም።
ሁለት ባልደረቦች ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው ደግፈውኝ፣
ከፊቴ ሰማያዊ ፍራሽ፣ የመዳፍ ውፍረት፣ ተነጥፎልኝ፣
ሽቦው ጀርባዬ ላይ ሲተከል ሥጋዬ የኔነቱን ረሳ፤
ጥርሴ ገጠመ፤ እንደ ግንድ ወደቅሁ፤ አምስት ሲሞላ ግንዱ ተነሳ።
ተሳቀ። ሻይ ተጠጣ።
ፍራሹን ጠቅልለን ቁም ሣጥን ውስጥ መለስነው።

ሆልዝዎርዝ ጎበዝ ተማሪ ነበር። ወረቀቱን የፈረምኩለት እኔ ነኝ።
የኅዳር ሌሊት፣ ዝናብ፣ የመርከብ መጠገኛው ግንብ ጫፍ፤
ዴዝሞንድ ፑልፎርድ፣ መረብ ጠጋኝ፣ ስድሳ አንድ ነበር ዓመቱ፣
በእጁ የዓሣ ቢላ፤ ከማንም አይደለም፣ ከራሱ ጋር ነው ሙግቱ።
ግንቡ ከሰው ቁመት ጥቂት ይበልጣል።
ከሥሩ ፍራሽ አልነበረም።

መሣሪያው ራሱ ይቆጥራል፣ እንደ መብራት ቆጣሪ፤
አያዝንም፣ አይዋሽም። የአሟሟቱ መርማሪ
መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፦
አምስት። አምስት። አሥራ አንድ።
«ሦስተኛው ለምን አስፈለገ?»
«መሬት ላይ ሆኖ እጅህን አሳየኝ ብለው እንቢ አለኝ» አለ።
የገዛ እጁን የተነጠቀ ሰው፣
በየትኛው እጁ እጅ ይስጥ?
ይህን አላስተማርኩትም? አስተምሬዋለሁ። ፍራሽ ላይ።

ሺላ ማውብሪ ግን በየገናው ካርድ ትልክልኛለች፤
ጉሮሮዋ ላይ የነበረውን ምላጭ ያስጣላት ጥይት አይደለም፣ ሽቦ ነው፤ አለች።
የልጅ ልጇን ፎቶ ካርዱ ውስጥ ትጨምራለች።
ስለዚህ ጣሉት አልልም።
«አይገድልም» ማለቱን ግን ትቻለሁ።

አሁን አዲሶቹ ሲመጡ በመጀመሪያው ቀን መጋዘኑን አልከፍትም።
ወደ ግንቡ ሥር እወስዳቸዋለሁ።
«ተንበርከኩ። መዳፋችሁን ድንጋዩ ላይ።»
አንዷ፣ ብሮንያ የምትባል፣ ጓንቷን ሳታወልቅ
«ስንት ሰዓት እንቆያለን?» ብላ ጠየቀችኝ።
«ጓንቱን አውልቂው» አልኳት። «አምስት ሰከንድ።»
ባሕሩ ከኋላችን ይንሾካሾካል፤ ቀስ ብዬ ቆጠርኩ።
ሦስት ላይ አንዱ ልጅ ብርዱ አሸንፎት እጁን አነሳ።
አልተቆጣሁትም።
እሱ ማንሳት ይችላል።