ነጥብ የማይያዝበት አልጋ

ዴራ፣ ከወርቁ ገበያ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ቢሮ፣
አሥራ አንድ ዓመት ትኬት ቆረጥኩ፣ የሰው ጉዞ ከእጄ ታስሮ።
እኔ ሳልሄድ ያስኬድኩት ሰው፣ ቢሰበሰብ አገር ይሞላል፤
ባንኮክ ያለው ሲመለስልኝ፣ ኢስታንቡል ያለው ይላካል።
ለዚህ ሥራዬ መታወቂያ፣ ቁጥር ያለው ካርድ ሰጡኝ፤
ሆቴሎቹ «የሙያ አጋር» ብለው በግማሽ ዋጋ ሊያስተኙኝ።

ሐምሌ ነው። ባሕረ ሰላጤው እንደ ድስት ክዳን ላብ ያንጠባጥባል።
ዋጋ የሚወርደው ሰው ሲሸሽ ነው፤ ይህን የሙያዬ ሰው ያውቃል።
እህቴ አስካለ፣ ዘጠኝ ዓመት አጅማን ካንድ ቤት ሠርታ፣
እመቤቲቱ ለንደን ሄደው፣ የሁለት ቀን ፈቃድ አግኝታ፣
«የት ልውሰድሽ?» ብላት፣ «እንጃ… ሰው የማይጠራኝ ቦታ» አለች።
ፉጃይራን መረጥኩላት፤ ባሕር ዳር፣ ከተራራው ጀርባ ያለች።
በስልክ «አልጋ ይዣለሁ» ብላት፣ «ውይ! ምንሽን ነው ያመመሽ?»
«ደህና ነኝ፣ ሆቴል ነው» ስላት፣ «ለጤናም አልጋ ይያዛል? ጉድ ነሽ!»

እንግዳ መቀበያው ላይ ማሪቴስ፣ ደረቷ ላይ ስሟን የለጠፈች፣
ካርዴን አየች፣ ቁጥሩን ጻፈች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች፦
«ይቅርታ እመቤቴ፤ ይህ ዋጋ የባለሙያ ቅናሽ ነው።
ነጥብ አይያዝበትም። ቢያድሩም፣ እንዳላደሩ ነው የሚቆጠረው።»
እንዳፈረ ሰው ነው ያለችው፤ እሷስ የታዘዘችውን ነው።

«ነጥብ ምንድን ነው?» አለች አስካለ፣ አሳንሰሩ ውስጥ ቆመን፣
በመስታወቱ እኔና እሷ አራት፣ አራታችንም ደክሞን።
«የታማኝነት ነው» አልኳት፤ «እዚያው ቤት ደጋግሞ ላደረ፣
ሌሊቱ ይጻፍለታል፤ ብር ይሆናል፣ ወርቅ ይሆናል፣ እየተደመረ።
ሲበዛ አንድ አዳር በነጻ፣ ፍራፍሬ፣ ባሕር የሚያይ መስኮት፤
ሲገባ በስሙ ይጠሩታል፣ ልክ እንደ ቤተሰብ አባት።»

ዝም አለች። አሳንሰሩ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ብሎ ቆጠረ።
«ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት አደርኩ፣ ልብስ ማጠቢያው ሥር። ማን ቆጠረ?
ማሽኑ ሲሽከረከር ትራሴ አብሮት ይንቀጠቀጣል።
በኔ ሒሳብ ወርቅን አልፌያለሁ። ከወርቅ በላይ ምን ይባላል?»
«ፕላቲኒየም።»
«እሱ ነኛ!» አለች፣ እየሳቀች።
በሩ ሲከፈት ጫማዋን አውልቃ፣ ምንጣፉን በባዶ እግሯ ረገጠች።

ልጅ ሳለን፣ ወግዲ፣ ያማርኛው መምህር ጋሽ ይልቃል፣
«ዐረፍተ ነገር መባሉ፣ ነገር ስለሚያርፍበት ነው፤ አራት ነጥብ ያሳርፈዋል»
ይሉን ነበር። የእህቴ ዓመታት በሁለት ነጥብ ብቻ የተያያዙ፣
አጠበች፡ጠረገች፡አበሰለች፡አጠበች፡
እንደ ድሮ ብራና፣ ማረፊያ ሳያገኙ የተጓዙ።
ያን ሌሊት ተኛች። ስልኳን አጥፍታ፣ አንድ እጇን ካልጋው አውጥታ።
ሌላ ቆጣሪ የለምና፣ ትንፋሿን እኔ ቆጠርኩላት፣ በዝምታ።

ጠዋት ስነቃ አስካለ የለችም፤ ካጠገቤ አልጋዋን ባይ፣ ተነጥፎ አበቃ፤
ማዕዘኑ ተጣጥፎ፣ ትራሱ ጉብ ብሎ፣ ሰው ያልነካው ዕቃ።
መታጠቢያ ቤቱን ወልውላለች፤ ፎጣውን አጣጥፋ ደርድራለች፤
ሳሙናዋን እንኳ በወረቀቷ መልሳ ጠቅልላለች።

ክፍል የምታጸዳው የኮሎምቦ ሴት፣ ጋሪዋን ገፍታ መጣች፤
አልጋውን አየች፣ እኔን አየች፣ «እዚህኛው ሰው አላደረበትም?» አለች።
አንሶላ የሚቀየርለት አልጋ፦ «አንድ» ልትል እስክሪብቶ አነሳች።

እንግዲህ ሁሉም ተስማማ፤ ኮምፒውተሩም፣ ወረቀቱም፣ አልጋውም፤
ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ አንድ ሌሊት ብትተኛ፣ ምስክር የላትም።

ዘልዬ ወጣሁበት።
አንሶላውን በእግሬ ጎተትኩ፣ ትራሱን በክርኔ ደለቅኩ፤
«ሰው አድሮበታል፣ ጻፊ!» እያልኩ፣ ባማርኛ፣ ተንከባለልኩ።
ሴትየዋ ምን እንደገባት እንጃ፤ «አንድ»ን ሰርዛ «ሁለት» አለች።
አስካለ በረንዳው ላይ ኖሯል፤ ባሕሩን ትታ ሮጣ ገባች፤
አየችኝ፤ አፏን በመዳፏ ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤
እየሳቀችም፣ ሳታስበው፣ ያንሶላውን አንድ ጫፍ አቃናች።