ካልሲ ውስጥ ያለው ወፍ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ብርዱ ሲበረታ፣
"ጭር!" አለ አንድ ነገር፣ ቀጭን፣ እንደ ጠብታ።
ቆጠርኩ በአንሶላዬ፦ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ…
"ጭር!" አለ እንደገና፣ ተወኝ ብዬ ስረሳ።

"ኡርሆ፣ ተነሥ" አልኩት፣ "ቤት ውስጥ ወፍ ገብቷል።"
"ምን ወፍ አለ በጥር? ባሕሩ እንኳ ረግቷል፤
ሕልም ነው፣ ተይው" አለ፤ መልሶ ተኝቷል።

ተነሣሁ ብቻዬን፣ ሹራብ ደርቤ፣
በግድግዳው ጥግ ጥግ ጆሮዬን አቅርቤ፤
በባትሪ ብርሃን ነው የዞርኩት ቤቱን፣
ባትሪ ይዤ ስፈልግ ባትሪ የራበውን።
ሰዓቱን አዳመጥኩ፣ ማቀዝቀዣውን፣
የሳውናውን ምድጃ፣ የዛገ በሩን።
"ጭር!" ሲል ወደ ግራ፣ "ጭር!" ሲል ወደ ቀኝ፣
ደረስኩበት ስል ነው የሚርቀኝ።

ኮሪደሩ መሐል ቀና ብዬ ሳይ፣
ያልጠቆረ ክብ አለ፣ የጣሪያው ቆዳ ላይ፤
ሁለት የብሎን ቀዳዳ ቁልቁል ያዩኛል፣
"ጠባቂሽ የት ሄደ?" የሚሉ ይመስለኛል።

ያኔ ትዝ አለኝ የኅዳሩ እሑድ፣
ኡርሆ ዓሣ ሲጠብስ፣ ቅቤው እስኪነድ።
የጢስ ማንቂያው ጮኸ፤
ወንበር ላይ ወጣ ባሌ፣ በንዴት ፍም መስሎ፣
"በገዛ ቤቴ ዓሣ መጥበስ ተከልክሎ!"
ነቀለው እንደ ጥርስ፣ ባንድ እጁ ጠምዝዞ፤
የት እንዳደረሰው አልጠየቅሁም፤ እንግዳ ነበረ፣ ዓሣውም ቀዝቅዞ።

መሳቢያውን ሳብኩት፤ ከካልሲዎች መሐል
አንዱ ብቻ ተቋጥሮ እንደ ድንች ከብዷል።
ስነካው "ጭር!" አለ።

"ሳይቃጠል በቅጠል" ይላል የቆየ ቃል፤
ጥር ላይ በራአሄ ቅጠል ከየት ይገኛል?
ዛፉ ራቁቱን ነው፣ ሣሩም ተቀብሯል፤
ቅጠላችን ይቺ ናት፣ መዳፍ የምታክል
ነጭ ፕላስቲክ፣ ካልሲ ውስጥ የምትውል።

አምጥቼ ከጆሮው ሥር ያዝኩለት፤ "ስማ" አልኩ።
"ጭር!" አለ። "ምኑን?" አለኝ። ደግሜ ጠበቅኩ።
"ጭር!" አለ። እሱ ግን የሚያየው አፌን ነው፤
ለእኔ ጭር የሚለው፣ ለእሱ ቤቱ ጭር ነው።

አምና በግንቦት ወር ደጃፍ ተቀምጠን፣
"ዘንድሮ ወፎቹ ምነው ዘጉን?" ቢለኝ
ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤
ዛፉ ሙሉ ሲንጫጫ፣ ምን ማለቱ ነው አላልኩ።
የኅዳሩም ቁጣ ያኔ ነው የገባኝ፤
እንግዳው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ሲተራመስ
እሱ ሹካውን ይዞ፣ ግራ ገብቶት ቆሞ ሲያየኝ።

ቅዳሜ ታይሚ መጣች፣ የወንድሜ ልጅ፣
መሰላል በትከሻ፣ መፍቻ በእጅ።
ገልብጣ አነበበች ጀርባው ላይ ያለውን ቀን፤
"አሥራ አራት ዓመት! አክስቴ፣ ይኼ ጡረታ ይውጣ፤
አሥር ዓመት ነው ዕድሜው፣ ባትሪ ቢቀየርም ዓይኑ ደክሟል፣ አይድንም።"
አዲሱን ሰቀለች፣ ከምድጃው አርቃ፣
ከሳውናው እንፋሎት፣ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋ፣
ሌላም በመኝታ ቤት፣ ከራስጌያችን በላይ።
ለኡርሆ ደግሞ ትራሱ ሥር ጠፍጣፋ ነገር አኖረች፤
"ጢስ ሲመጣ ይነቀንቅሃል፣ መብራትም ይበራል" አለች።
"ከሚስቴ ክርን ይብሳል?" አላት።
"ይብሳል።"
"እንግዲያ ይሁን።"

ዛሬ ዓሣ ሲጠበስ መስኮት ይከፈታል፤
ወንበር ላይ መውጣቱ ግን ለእኔ ብቻ ቀርቷል፣ አምፖል ሲጠፋ።

በየወሩ መባቻ፣ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ
ከማንቂያው ሥር ይቆማል፣ ክንዱን ወደ ላይ መዝዞ፤
ቁልፏን ይጫናታል።
ጣሪያውን አያይም፤ እኔን ነው የሚያየው፤
ጆሮዬን ስይዝ ነው "ይሠራል" የሚለው።