የፉንዳሽ ጀርባ

እኔ በረኛ ነኝ፣ ፊቱን አትጠይቁኝ፤
ጀርባውን ከሆነ፣ ጀርባውን ጠይቁኝ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላው ቆሚያለሁ፣
የሸሚዙን ስፌት በቃሌ አውቃለሁ፤
አራት ቁጥሩ ነጭ፣ በበር ቀለም የተሳለች፣
ዝናብ እያጠባት እግሯ የተቆረጠች።

ስሙ አንሙት ነው፤ የአባቱ ስም ዘገየ።
የአባቱ ስም ነው እንጂ፣ እሱስ መች ዘገየ፤
አጥቂው ሳያስበው እግሩ ቀድሞት ታየ።

ሽባባው የሚባል አሠልጣኝ ነበረን፣
የከብት ሐኪም ነው፣ በትርፉ የያዘን።
በዚያ በደርግ ጊዜ ቡካሬስት ተልኮ፣
ላም ማከም ተምሮ፣ ኳስ ደግሞ አምልኮ፣
ቡሬ ሲመለስ በሻንጣው የያዘው
አንድ የሮማንያ ቡድን ፎቶግራፍ ነው።
በጣቱ ያሳየናል፣ ዳር የቆመ አንድ ሰው፦
«ይህ ፉንዳሽ ነው» ይላል፣ «ስሙን ማን ሊያስታውሰው፤
ጎል አግብቶ አያውቅም፣ ዜና አይደለም ሥራው፤
ያልሆነው ነው ዜናው፣ ያልገባው ነው ፍሬው።»

ፉንዳሽ፣ በነሱ አፍ፣ የኋላ ሰው ነው።
ለአንሙት አወረሰው። ልጆቹ ግን ቃሉ አልያዝ ብሏቸው
«ፈንዲሻ! ፈንዲሻ!» ሆነ ጩኸታቸው።
ሳቅን።
እሱ አልሳቀም፤ ኳሷን እያየ ነው።

ሜዳችን ያዘመመ፣ ወደ ፈጠም ወንዝ፤
ኳስ ካመለጠች ማታ ነው የምትያዝ።
«ኳስ ብታልፍ ሰው አያልፍም» ይላል ጥርሱን ነክሶ፤
ሰው አላለፈበትም።
ዘመን ነው ያለፈው፣ በግራ ክንፍ ገስግሶ።

አንድ ጊዜ ወሰዱት፣ አዲስ አበባ።
ሁለት ዓመት ወንበር ሲያሞቅ ከረመ።
ተመልሶ ሲመጣ ካልሲ አመጣልኝ፤
ስለ ሌላው አልጠየቅሁም።

ከዚያ ደብረ ማርቆስ። የፍጻሜው ዕለት።
ዜሮ ለዜሮ ነን፣ ዳኛው ሰዓት አየ፣
የባከነ ሰዓት፣ አራት ጣት አሳየ።
(ማን ነበር ያባከነው?)
ከግራ የመጣች፣ ነፋስ የገፋት ኳስ፤
ዘለልሁ። ዘለለ።
ግንባሩን ነክታ ከመረቤ አረፈች።

ያኔ ነው የዞረው።
የአሥራ አንድ ዓመት ጀርባ፣ የአንድ ቅጽበት ፊት፤
ቅንድቡ ላይ ጭቃ፣ ከንፈሩ ላይ አንድ ቃል፣
ምን እንዳለ እንጃ፣ ሕዝቡ ይጮኻል።
«በረኛ!» ማለት ነበረብኝ፣ ኳሷ አየር ላይ ሳለች።
አላልሁም።
ይህን የሚያውቅ የለም።

በዓመቱ ጉልበቱ አለቀ አሉ። የትኛው ጉልበቱ?
ክለቡ ፈረሰ፣ የሦስት ወር ደመወዝ ሳይከፍል፤
ሜዳ የሌለው ሰው ሜዳ ላይ ቀረ።

አሁን በርበሬ ተራ ነው፣ ሚዛን ላይ፤
ጆንያ ይመዝናል፣ ግራም አያልፍበትም።
ትናንት ሄድሁ። ሦስት ኪሎ ገዛሁ፤
የሄድሁበት ጉዳይ ግን ሌላ ነበር።
«አንሙት፣ ያን ዕለት» አልሁት፣ «‹በረኛ› አላልሁም።»

የሚዛኑ መርፌ እስኪቆም ጠበቀ።
«ብለህ ነበር» አለኝ፣ «እኔ ነኝ ያልሰማሁ።»

ውሸቱን ነው።
ዛሬም ከበሬ አፍ ላይ ኳስ ያወጣልኛል።

ሁለታችንም አስነጠሰን፤ ዓይናችን አለቀሰ፤
በርበሬው ነው፣ ተባባልን።
ቀጣዩን ጆንያ ሊያነሳ፣ እያነከሰ ዞረ።
ጀርባው ላይ ቀይ አቧራ እንጂ ቁጥር የለም።
ቢሆንም አወቅሁት።