እዚህ ይቁሙ

ከቧንቧ ውሃ ዝቅ ብሎ፣
ስልኩ «ሰባት እርምጃ በቀኝ» አለኝ፤
ሰባተኛው እርምጃ የፍራሽ ሱቅ አስገባኝ።

ሙሄ ይማም ቀና አላለም፤ ለምዶታል።
«አንተም ፊልሙን ነው?» ብሎ ሁለት ስፖንጅ አነሳልኝ፤
ቦታዋ ከሥሩ ነበረች።

ቆምኩ።
ስክሪኑ በራ፣ ግድግዳው ተነሳ፤
ያኔ መንገድ ነበር፣ ከኋላው ያው ጦሳ፤
ጭቃ የዋጠው አውቶቡስ፣ ጣራው ላይ በርበሬ፣
አንዲት ሴት ዞር ብላ፣ ካሜራውን ገላምጣ፣
በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች።
አሥራ አንድ ሰከንድ። አለቀች።

ግማሽ እርምጃ ሳፈገፍግ ትጠፋለች፤
ስመለስ፣ እንደገና ዞር ትላለች።

«ማን ናት?» አልኩት።
«ኧረ ምኑን አውቄው! የኔ ስልክ ያን አይችልም።
ሰው እዚያች ላይ ሲቆም ፊቱን ነው የማየው፤
እስከ ዛሬ ሳይስቅ የወጣ አላየሁም»
ብሎ፣
ስፖንጁን መለሰባት።