ቁጥርና ቀን የሌለው

አቃቂ፣ ወረዳው በር፣ ከጃንጥላዬ ሥር
ሃያ ሁለት ዓመት ማመልከቻ ስቸረችር፣
"ጉዳዩ፦" ብዬ ነው የማንንም እንባ የምጀምር።
ጉዳዩ፦ ስለ ካሳ። ጉዳዩ፦ ስለ ድንበር።
ጉዳዩ፦ ውሃ ሳይመጣ ቆጣሪው ስለመቁጠር።

ሰኞ እትዬ አስካለ በፌስታል ቅጠል ይዘው መጡ፤
የተጨማደደ የሎሚ ቅጠል፣ ከወረቀቴ ላይ ዘረገፉት። ተቀመጡ።
"ገማቹ ዛፌን አይቶ 'በሽተኛ' ብሎ ጻፈው፣
ግማሽ ካሳዬን በአንዲት ቃል ገፈፈው።
መንገዱ ይለፍ፤ ይለፍ፣ እሺ ብያለሁ።
ዛፌ ግን አልታመመም። ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።"

መነጽሬን አወለቅኩ። የቅርቡ የሚታየኝ ሳወልቀው ነው።
በላይኛውና በታችኛው ቆዳ መሐል ብርማ ጎዳና አለ፣
ሲነሳ ክር የሚያህል፣
ሲጠመዘዝ፣ ሲመለስ፣ ራሱን ሊያቋርጥ ደርሶ ሲተው፣
እየሰፋ የሚሄድ፤ መሐል ለመሐል ጥቁር መስመር፣
በቀለም የተሰመረ የሚመስል።
የብራና ዳዊት አንዴ አይቻለሁ፤
ጽሕፈቱ እንዲህ አልቀጠነም።

ኦብሴን ጠራኋት፣ ከግብርና ቢሮ። ሳቀች።
"ቀለም አይደለም ጋሼ፣ ኩስ ነው" አለች።
ልጁ የበላውን ከኋላው እያሰመረ ይሄዳል።
እናቱ የምትመጣው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣
ፋብሪካው ፈረቃ ሲቀይር ነው፤
ነጭ፣ በክንፏ ጫፍ ጥቁር ነጥብ፣
ሁለት የጤፍ ፍሬ ብታህል።
ያረጀ ቅጠል አትነካም።
ለጋውን መርጣ፣ ከጀርባው፣ ከአከርካሪው ጥግ
አንድ ጠብታ እንቁላል ታኖራለች።
ድርሰቷን በአራት ነጥብ የምትጀምር
እሷን ብቻ ሰማሁ።

"ስሟስ?" አልኩ። "ያው የእሳት እራት ናት።"
ይህችን? ይህችን እሳት ቢበላት
ጾሙን እንደያዘ ያድራል፤ አይገድፍባት።

ልጁ ፀሐይ አያይም። ጣሪያው ቅጠል፣ ወለሉ ቅጠል፣
በልቶ የጨረሰው ሁሉ ክፍል ይሆንለታል።
ያለ ካርታ፣ ያለ ግብር፣ ሌሊት የቆመ ጨረቃ ቤት፣
አፍራሽ ግብረ ኃይል የማይደርስበት።
ሲጠግብ ወደ ዳር ይወጣል፤ የቅጠሉን ጠርዝ
እንደ ፖስታ አፍ አጥፎ፣ በሐር ክር ሰፍቶ
ይተኛል። በጋ ከሆነ ለሳምንት፣ ሐምሌ ከሆነ ለረጅም።
ወጥታ የምትበርበት ዕድሜ ግን፣ አለች ኦብሴ፣
ከደመወዝ እስከ ደመወዝ አይዘልቅም።

"ታዲያ ሕመም ነው?"
"ለችግኝ፣ አዎ። ለትልቅ ዛፍ ግን፣ ጋሼ፣ እከክ ነው።"

ጻፍኩ፦ "ዛፉ በሽተኛ ሳይሆን ተከራይ ያለበት በመሆኑ"
ሰረዝኩት።
"አትሰርዝ" አሉ እትዬ አስካለ፣
ማንበብ ሳይችሉ፣ የብዕሬን ድምፅ ለይተው።
አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ።

ፌስታሉን ቤት ወሰድኩት። የወረዳው መልስ ሳይመጣ፣
በአሥረኛው ማታ፣ አንዲቷ ከእጥፋቷ ወጣች፤
"ቀን" ከሚለው ፊት፣ ከባዶው ነጠብጣብ ላይ አረፈች።
ትንፋሼን ያዝኩ።
ከዚያ ወደ አምፖሉ ዞረች።

ተነስቼ አጠፋሁት።
የሦስት ሰው ጉዳይ ይቀረኝ ነበር፤
ጨለማ ውስጥ ተቀመጥኩ።